ሐዋሳ፦ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሐዘንተኛን ወዴት እንላክ?

ታቦር ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ቀብሩ ላይ ችግር የለብንም፤ ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይደርሳል፣ ገንዘቡም በወቅቱ ይከፈላል። ችግሩ ከሰልስት በኋላ ነው። ድንኳኑ ሲነሳ እኛም አብረን እንነሳለን፣ ጥያቄው ግን ያን ጊዜ ይጀምራል። የሞት የምስክር ወረቀት የት ነው የሚወጣው? እናቴ እህል አልቀምስም አለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ፣ ፋብሪካው ከሦስት ቀን በላይ አልፈቅድም አለኝ።

የእድሩን ገንዘብ ስናስረክብ አብሮ የሚሰጥ አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ ልናዘጋጅ ተስማምተናል። በሐዋሳ፣ ሰፋ ሲልም በሲዳማ ክልል፣ ሐዘንተኛ ከማን ምን እንደሚያገኝ በትክክል የምታውቁ ጻፉልኝ። አባሎቻችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም ናቸው። «አይዟችሁ» የሚል ወረቀት አልፈልግም፤ እሱን በቃል እንለዋለን።

ጥቁር ውሃ (የሥነ አእምሮ ነርስ)

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የማይገባውን ልንገርዎ። «ሐዘን ላይ ያለ ሁሉ ባለሙያ ያነጋግር» ብላችሁ አትጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ የምክር ሕክምና በጅምላ እንዲሰጥ አይመክርም። እንባ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሟቹን ድምፅ የሰሙ መምሰል፣ በር ሲንኳኳ «መጣ» ብሎ ብድግ ማለት፣ ልብሱን ማሽተት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የሚጠበቁ ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እድሩ አለው።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን በሁለት ከፍላችሁ ጻፉት።

አንደኛው «ዛሬውኑ» ነው። «እኔም ልከተለው» ከሚል አባባል አልፎ እንዴት እንደሚሞት የሚያስብ፣ ውሃ እንኳ አልወስድም ያለ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ትእዛዝ የሚቀበል፣ ወይም ራሱንና ልጆቹን መንከባከብ ጨርሶ ያቆመ ሰው ሰኞን አይጠብቅም። በቀጥታ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ የሥነ አእምሮ ክፍል እዚያው አለ። እስኪሄድ ድረስ ብቻውን አይተው። የአይጥ መርዝ፣ የተባይ ኬሚካልና የተከማቸ ክኒን ከቤቱ ይውጣ። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም። ሰዉ ይህን ጥያቄ ስለሚፈራው ነው ብዙው ነገር የሚያመልጠን።

ሁለተኛው «በዚህ ሳምንት» ነው። ሳምንታት አልፈውም ከመኝታ የማይነሳ፣ እየከሳ የሄደ፣ መጠጥ ወይም ጫት የጨመረ፣ ከስድስት ወር በኋላም ሐዘኑ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ሥራና ኑሮውን የዘጋበት ሰው ማለት ነው። ስድስት ወር ያልኩት በግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ «የተራዘመ ሐዘን» የሚለው ቢያንስ ስድስት ወር ሲሆነው ነው፣ ያውም ከባህሉ ልማድ በግልጽ ካለፈ። የአሜሪካኖቹ መለኪያ ደግሞ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይላል። ስለዚህ በአርባው ቀን ስታለቅስ የተገኘችን እናት «ታማለች» የሚል ጎረቤት ካለ ዝም ይበል።

«በዚህ ሳምንት» የተባለው ሰው በጤና ጣቢያ ይጀምር። ከዚያ ካስፈለገ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሪፈራሉ ይጻፍለታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ሪፈር ሳያጽፍ ሆስፒታል ከሄደ ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል፤ ደብተሩን ይያዝ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አለ። ሐዘንተኛ ጤና ጣቢያ ሄዶ «አዘንኩ» አይልም። «ጨጓራዬ፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል» ይላል። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ለሐኪሙ የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ባለቤቴ ከሞተ ይህን ያህል ሳምንት ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ሰዓት እተኛለሁ፣ ይህን ያህል ጊዜ እበላለሁ።» ይህ ብቻውን የምርመራውን መንገድ ይቀይረዋል።

የእንቅልፍ ክኒን ነገር ለብቻው ይጻፍ። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ለሐዘን አይመከሩም፤ በሳምንታት ውስጥ ይለመዳሉ፣ አረጋውያንን ያደናቅፋሉ፣ ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ያዳክማሉ። «ለእኔ ረድቶኛል» ብሎ ከኪሱ የሚያካፍል ጎረቤት ለቅሶ ቤት አይጠፋም። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ካለ ደግሞ የወሩ ክኒን በአንድ ጊዜ እጁ ላይ አይቀመጥ። ብዙ ሆኖ ሲዋጥ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ስለሆነ ቤተሰብ ይያዝለት።

አንድ ጨምሬ ላብቃ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በሐዘን ብዛት ብቻ አይደለም የሚወድቀው፣ የደም ግፊት ክኒኑን በመርሳትም ነው። ስኳር ያለባት ሴት ኢንሱሊን ተወግታ ንፍሮውን ሳትቀምስ ከዋለች ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች፤ ሰው ግን «ሐዘኑ ነው» ብሎ ውሃ ይረጭባታል። በቀብሩ ዕለት አንድ ሰው «መድኃኒትሽ የት ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትወስጂው?» ብሎ የመጠየቅ ኃላፊነት ይሰጠው። የወገብ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አልጋው ራስጌ፣ አንዳንዴም ቁልፉ ሟቹ ኪስ የቀረ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሆናል።

ባህል አዳራሽ (ጠበቃ)

የወረቀቱን ጀርባ ለእኔ ስጡኝ።

የሞት ምዝገባ የሚከናወነው በቀበሌ የክብር መዝገብ ሹም ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የማስመዝገቡ ግዴታ መጀመሪያ ከሟች ጋር ይኖር የነበረው ሰው ነው፣ እሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት። ሆስፒታል ከሞተ የሆስፒታሉን የሞት ማሳወቂያ አስከሬን ስትረከቡ አብራችሁ ተቀበሉ። በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ቀናት ይበላል። በአደጋ ወይም በድንገት ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። የሟችን መታወቂያና የአስመዝጋቢውን መታወቂያ ይያዙ። 30 ቀን ካለፈ አይከለከልም፤ የዘገየ ምዝገባ ይሆንና ጥያቄውም ወረቀቱም ይበዛል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው በስም ፊደል ነው። ባንኩ ላይ «ኃይሌ»፣ መታወቂያው ላይ «ሀይሌ»፣ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ የአያት ስም የለም። ሹሙ ከመፈረሙ በፊት የባንክ ደብተሩን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ተለይቶ ይጻፍ። ምስክር ወረቀቱ እንደወጣ ቢያንስ አምስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ፍርድ ቤት፣ ባንክ፣ ጡረታ፣ አሠሪ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉም ይጠይቃሉ።

ባንክ የሟችን ሒሳብ የሚለቀው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ለዚያ ማመልከቻ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃና መታወቂያ የያዙ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። «ፒኑን አውቀዋለሁ» ብሎ በሟች ካርድ ወይም በቴሌብር ገንዘብ ማውጣት ግን ወንድማማቾችን ከሚያካስሱ ነገሮች አንዱ ነው። የቀብር ወጪ እንኳ ቢሆን ይቅር፤ ለዚህ ነው እድር ያለው።

አሁን ብዙ ሴቶች የሚደነግጡበትን ልንገራችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ አይደለም። መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ እኩል። ሆኖም የጋራ ንብረቱ ግማሽ ከውርሱ በፊት የራሷ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋት የጋብቻ ማስረጃ ነው እንጂ «ወራሽ ነኝ» የሚል ክርክር አይደለም። «ሁሉም የእኛ ነው» ብለው በአርባው ማግስት የሚመጡ የባል ዘመዶች ሲኖሩ ይህች አንድ አንቀጽ ከብዙ ምክር ትበልጣለች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም በትልቁ ይጻፍ። «ለጊዜው ነው፣ ለቀበሌ ነው» ተብሎ የመጣ ወረቀትም ቢሆን።

ጡረታ ደግሞ ከውርስ የተለየ ነው፤ በቀጥታ ለተተኪ ይከፈላል። ለሚስት ወይም ለባል ሟቹ ያገኝ ከነበረው ጡረታ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። ሟቹ ጡረታ ሳይወጣ ከሞተና ሞቱ ከሥራ ጋር ካልተያያዘ ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ሊኖረው ይገባል። የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የሚከፍሉት የተለያዩ ተቋማት ናቸው፤ በተሳሳተው በር ገብቶ ወር ያባከነ ሰው ብዙ ነው።

ሐይቅ ዳር

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም «አርባ፣ አርባ» እያለ ነው የጻፈው። ሙስሊም ጎረቤታችሁ አርባ ላያወጣ ይችላል፣ ጴንጤውም እንዲሁ። የእድሩ ወረቀት ጊዜን የሚቆጥር ከሆነ በሳምንት ይቁጠር።

ሙስሊም ቤት ለቅሶው፣ ተእዚያው፣ በአብዛኛው ሦስት ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአስር ቀን ዒዳ (በአብዛኛው ከቤት የማትወጣበት የሐዘን ጊዜ) ትቀመጣለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ። የሞት ምዝገባው 30 ቀን፣ የባንኩም የጡረታውም ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምዝገባውን ወንድሟ ወይም ልጇ እንዲጨርስላት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ራሷ መገኘት ግድ ከሆነ ለአስፈላጊ ጉዳይ በቀን ስለ መውጣት ኢማሙን ይጠይቁላት፤ «አይቻልም» ብሎ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ኢማሙ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ጠያቂዎቿም ሴቶች ይሁኑ፤ የሴቶች እድር ያለው ለዚህ ነው።

ፕሮቴስታንት ቤት የቤት ኅብረቱ መሪ ስልክ ይያዝ። የጸሎትና የመጽናናት ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላም በየሳምንቱ የሚገናኙ ሰዎች ስላሉ እድሩ ብቻውን አይሮጥም። አንድ ጥንቃቄ፦ «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚል ሰው በተለይ ወንዶቹን ዝም ያሰኛቸዋል።

ኦርቶዶክስ ቤት ደግሞ የንስሐ አባት ናቸው። ፍትሐቱና ቅዳሴው ሌላ፣ ድግሱ ሌላ መሆኑን እሳቸው ቢናገሩት ይሰማል። የእድሩን ገንዘብ እንዳለ ለተዝካር በሬ አውጥቶ በሁለተኛው ወር የቤት ኪራይ የሚበደር ቤተሰብ አለና፣ ገንዘቡን ስታስረክቡ በሁለት ብትከፍሉት ምን ይመስላችኋል? ግማሹ በዕለቱ፣ ግማሹ በስምንተኛው ሳምንት። ደንባችሁ ከፈቀደ ማለቴ ነው።

ታቦር ሥር

እግዜር ይስጥልኝ። የሁለት ጊዜ ክፍያው ጉባኤ ይፈልጋል፤ አቀርበዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች። ሁለተኛ ልጆች።

መናኸሪያ 3 (የሰው ኃይል ክፍል)

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 እንዲህ ይላል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። «የሥራ ቀን» የምትለዋን ያስምሩባት። ዓርብ ማታ የተረዳች ልጅ እሁድ ዕረፍቷ ከሆነ እሁዱ አይቆጠርባትም። ለብርቱና ልዩ ምክንያት ደግሞ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መጠየቅ ይቻላል፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ይህን ብዙዎቹ አያውቁትም። ከቤንሳ ወይም ከአሮሬሳ ለመጣች ልጅ መንገዱ ከሦስቱ ቀን ብዙውን ሊወስድባት ስለሚችል ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ትጠይቅ። ወንድም፣ እህትና አያት ያለ ክርክር ይገባሉ፤ ለአጎትና ለአክስት ግን ከመሄዷ በፊት አለቃዋን ታናግር።

ስህተቱ ሁሌ አንድ ነው፦ ሳትናገር ትሄዳለች፣ ስልኳ ይዘጋል፣ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኛለች። ከመኪና ሳትሳፈር ለመስመር ኃላፊዋ የጽሑፍ መልእክት ትላክ፣ መልእክቱም አይጥፋ። እርስዎ በጸሐፊነትዎ ማድረግ የሚችሉት፦ የሟች ስም፣ ዝምድና፣ የቀብር ቀንና ቦታ፣ ማኅተም ያለበት የእድር ደብዳቤ። አራት መስመር ይበቃል። የምስክር ወረቀቱ እስኪወጣ ብዙ ድርጅት ይህን ይቀበላል። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ።

አሞራ ገደል (አዋላጅ ነርስ)

ልጆቹን በሚመለከት፦ «አባትህ ፈረንጅ ሀገር ሄደ» ይቅር። ልጁ ጓዳ በር ሥር ቆሞ ሙሾውን ሰምቷል። የሚያውቀውን ነገር ትልልቆቹ ሲክዱት ሁለተኛ ነገር ያጣል፤ የሚያምነውን ሰው። «ተኝቷል» ካላችሁትም ማታ መተኛት ይፈራል። «ሞተ» በሉት። ሰውነቱ ሥራ አቆመ፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ ተመልሶ አይመጣም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ሰምቶ እንኳ ነገ «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል፤ በዚያ ዕድሜ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይጨበጥም። በተመሳሳይ ቃል ደግማችሁ መልሱለት። የሚነግረው አብሮት የሚኖር ሰው ይሁን፣ ሌላ ቦታ ተወስዶ ከጎረቤት ልጅ እንዳይሰማ። «እኔ ስላስቸገርኩት ነው?» ብለው በሆዳቸው የሚይዙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሳይጠይቅም «በአንተ ምክንያት አይደለም» በሉት።

መኝታ ማርጠብ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቅ ለሳምንታት ይኖራል። አይገረፍ። ትምህርት ቤት በሳምንት ውስጥ ቢመለስ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ለስም ጠሪ መምህሩ ይንገር፤ ክፍል ፊት «አባትህን አምጣ» እንዳይባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግማሽ ቀን ይማር። ወር አልፎ አሁንም አልሄድም ካለ ጤና ጣቢያ።

ማንም ያልጠየቀውን ልጨምር። ሞቶ የተወለደ ወይም በቀናት ውስጥ ያረፈ ሕፃን። የብዙ እድር ደንብ ይህን አይቆጥርም፤ ጥሩምባ የለ፣ ድንኳን የለ፣ «ሌላ ትወልጃለሽ» ብቻ። እናቲቱ ግን ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ጡቷ ወተት ሞልቶ ይወጠራል፤ ማንም ስላልነገራት ትደነግጣለች። ልክ የሆነ፣ የማያፍን ጡት መያዣ ትልበስ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ትያዘው፣ ፓራሲታሞል ትውሰድ። ጨርሶ ማለብ ወተቱን ይጨምረዋል፤ በጣም ሲያማት ብቻ ትንሽ ታፍስሰው። በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን ሕመም ያመጣል። ትኩሳት፣ ጡት ላይ የቀላ ቦታ ወይም ከባድ ደም ካየች ያኔውኑ ጤና ጣቢያ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትጎበኛት አስታውቁ። ለሕፃኑ የተዘጋጀውን ልብስ ደግሞ ሳይጠይቋት አታንሱት፤ የት እንደሚቀመጥ እሷ ትወስን።

ጥቁር ውሃ

ልክ ነሽ እህቴ፣ የሕፃኑን ነገር ሁላችንም ዘለልነው።

ጸሐፊያችን፣ ወረቀቱ ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የጉብኝት ተራ ያስፈልገዋል። ሁለት ሁለት ሰው፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛው፣ በአሥረኛው ሳምንትና በስድስተኛው ወር። ቡናውን ይዘው ይሂዱ፣ ሐዘንተኛዋ እንዳታፈላ። አርባ ደቂቃ ይበቃል። ሃይማኖት ማስተማር የለም፣ «እገሌ ከአንቺ የባሰ ደርሶበት» የለም። የሟቹን ስም ይጥሩት፤ ሰው ሁሉ ስሙን ሲሸሽ ነው ቤቱ የሚጨንቀው። አራት ነገር አይተው ይመለሱ፦ ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች ወይ፣ መሞትን ታነሳለች ወይ።

መዝገቡ ላይ «ደህና»፣ «በዚህ ሳምንት» ወይም «ዛሬውኑ» ብቻ ይጻፍ። ምን እንዳለች አይጻፍ፣ በጉባኤም አይነበብ። አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛ በሩን የሚከፍትላችሁ የለም።

መርዶውንም በተመለከተ አንድ መስመር ጨምሩ። ንጋት ላይ ተሰብስቦ መሄዱ ልማድ ነው፣ ጥሩም ነው፤ ነገር ግን ማታውኑ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚለጥፍ ሰው አለ። ቤተሰቡ ሳይረዳ ፎቶ እንዳይለጠፍ። ባጃጅ ወይም መኪና ለሚነዳ ሰውም በስልክ አይነገር፤ «ቁም» ተብሎ ሰው ይላክለት።

ታቦር ሥር

ሁሉንም ገልብጫለሁ። በአማርኛና በሲዳምኛ አስተረጉመዋለሁ፤ ፊደሉ ለአሮጊቶቹ እንዲነበብ ተለቅ ይላል። የጤና ጣቢያውንና የቀበሌውን ስልክ ከታች አሳትማለሁ።

ባህል አዳራሽ

ስልኩን አታትመው። ቦታውን ባዶ ተወውና ስታስረክብ በእስክሪብቶ ሙላው፤ መጀመሪያ ደውለህ ከተነሳልህ።